“ጎሲፕ” እና አበልጅ፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ ደግሞ እተረጉማለሁ። “ጎሲፕ” የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ዛሬ ስለ ሰው የሚወራ ወሬ ማለት የሆነችው፣ በሁለቱም ሥራዬ ላይ እየመጣች ታታግለኛለች። ሰሞኑን አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ስለ አመጣጧ ክፍል ፊት ቆሞ ሲያስረዳ ሰማሁትና ይህን ለመጻፍ ተነሳሁ።

“ጎ ሲፕ” የሚባለው ታሪክ

ልጁ እንዲህ አለ። ድሮ እንግሊዝ አገር ፖለቲከኞች ሕዝቡ ምን እንደሚል ለማወቅ ሰዎቻቸውን መጠጥ ቤት ይልኩ ነበር። “ሂዱ፣ ፉት እያላችሁ የሚወራውን ስሙ” ይሏቸዋል። “ጎ” ሂድ ነው፣ “ሲፕ” ፉት በል ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ “ጎሲፕ” ሆነ። ክፍሉ በሙሉ ደስ አለው። ሁሉም ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ግን ታሪኩ ሐሰት ነው! ይህን ነገር ከመምህራን ሰምቼዋለሁ። ቴሌግራም ላይ በየጊዜው ይዞራል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው የማስተማር ዓመቴ አስተምሬዋለሁ። ያኔ የጻፉት ልጆች ዛሬ ለሌላ ሰው እየነገሩት ይሆናል ብዬ ሳስብ እስከ አሁን ይቆጨኛል። ጥፋቱ የመጣው ሳላጣራ ስለተቀበልኩ ነው። ጥሩ መዝገበ ቃላት መግለጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ “ጎድሲብ” ነበር። የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን እ.ኤ.አ. በ1014 አካባቢ በጻፈው ስብከት ውስጥ ይገኛል። በዘመኑ ሰዎች ጎድሲባቸውንና የክርስትና ልጃቸውን ሳይቀር እያጠፉ ነው ብሎ ያዝናል። “ጎድ” እግዚአብሔር ነው። “ሲብ” ዝምድና ነው፤ ወንድምና እህትን የሚያመለክተው “ሲብሊንግ” ውስጥ ያለውም እሱው ነው። በክርስትና የተገኘ ዘመድ ማለት ነው። መሀል ላይ ያለችው “ድ” ከጊዜ በኋላ ተዋጠች። መጠጥም ፖለቲከኛም የለበትም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው። ይህን ቃል ለመረዳት ከአማርኛ ተናጋሪ የተሻለ ዕድል ያለው ጥቂት ነው። አበልጅ አለን! ከአበልጅ ጋር ጋብቻ እንደማይታሰብ እናውቃለን፤ የዚያን ዘመን የምዕራብ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ትከለክል ነበር። አበልጅ ቤት ገብቶ እንደሚወጣ፣ ምስጢር እንደሚካፈል እናውቃለን። ጎድሲብም መጀመሪያ አበልጅ ነበር። ቀጥሎ የቅርብ ወዳጅ ሆነ። ከዚያ ወሬ የሚያበዛ ሰው ሆነ። ወሬው ራሱ “ጎሲፕ” መባል የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ፈረንሳዮችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ “ኮሜር” የክርስትና እናት ነበረች፣ ዛሬ ወሬኛ ሴት ናት። እንዲህ ያለ ታሪክ በእጃችን እያለ መጠጥ ቤት ምን ያስኬደናል?

“የቃሉ ትርጉም የከፋው ሴቶች ስለሚያሙ ነው” ማለት

ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤቶቿና ወዳጆቿ ይጠሩላት ነበር። እነሱም “ጎሲፕ” ይባሉ ነበር። ወንድ አይገባም። የአራስ ቤት ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ገንፎው ሲቀርብ የሚወራውን ያደገበት ያውቀዋል። ወንዶቹ ውጭ ቀርተው ውስጥ ያልሰሙትን ወሬ በክፉ ተረጎሙት። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ለ“ጎሲፕ” ሦስት ፍቺ ሰጥቷል። አንደኛው ክርስትና የሚያነሳ ሰው፣ ሁለተኛው የመጠጥ ጓደኛ፣ ሦስተኛው አራስ ቤት እንዳሉ ሴቶች ወሬ እያዞረ የሚለፈልፍ ሰው። እስከ ዛሬ የዘለቀችው ያቺ ሦስተኛዋ ፍቺ ናት። እናቶችን ለማገዝ የሮጡ ሴቶች ስማቸው ስድብ ሆነ። ተማሪዎቼ ይህን ሳያውቁ ከክፍል እንዲወጡ አልፈልግም።

ሁልጊዜ “ሐሜት” ብሎ መተርጎም

ሐሜት በእኛ ዘንድ ኃጢአት ነው፣ ንስሐ ይገባበታል። ጎሲፕ ሐሜት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ሁለት እንግሊዛውያን አሮጊቶች ሻይ ይዘው ጎሲፕ ሲያደርጉ “ወሬ ያዙ” ወይም “ጨዋታ ያዙ” ማለት ይበቃል። አንድ ጊዜ የፊልም ጽሑፍ ሳርም ደጓ ሴትዮ በአንዲት ቃል ሐሜተኛ ሆና አገኘኋት።

“እንጫወት”ን በቀጥታ ማስገባት

አንድ የሠላሳ አምስት ዓመት ተማሪዬ ሥራ ሊቀጠር ሄደ። ቅዳሜና እሑድ ምን እንደሚያደርግ ተጠየቀ። “ከጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ” ለማለት “ፕሌይ” አለ። ጠያቂዋ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ ጠየቀችው። ተደናግጦ “ጎሲፕ” አላት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። የሚፈልገው ቃል “ቻት” ነበር። ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ቀድሜ ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ጫጫታና “ቻተር”

ድምፃቸው ስለተመሳሰለ ዘመድ አይሆኑም። “ቻተር” (መለፍለፍ) የወፎችን ጩኸት በማስመሰል የወጣ ቃል ነው፤ “ቻት” ከእሱ አጥሮ ነው የመጣው።

ሥሩን ካወቁ በኋላ ማብዛት

አንዲት ተማሪ አመጣጡን ካስተማርኳት በኋላ ለክርስትና እናቷ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈች፤ “ውድ ጎሲፔ” ብላ። ልቤ ተነካ፣ ግን አስተካክልኩት። ዛሬ የክርስትና እናት “ጎድማዘር” ናት። ቃል የድሮውን ትርጉም ትቶ ሄዷልና አንጎትተው።

ብዙ ቁጥር

ወሬው “ጎሲፕ” ነው፤ አይቆጠርም። “ጎሲፕስ” ካላችሁ የምታወሩት ስለ ወሬኞቹ ሰዎች ነው።