የሙዚየም ፎቶ ያለ ኮፒራይት ጣጣ እንዴት እንጠቀም?

ሐረር ፈረስ መጋላ አካባቢ ለቱሪስት የሚሸጥ ፖስትካርድ ወይ ቲሸርት ልታሳትሙ ነው እንበል፣ ብዙ ሰው ጉግል ላይ ይገባና ያገኘውን ሴቭ አድርጎ ወደ ማተሚያ ቤት ይሮጣል፣ ጣጣው የሚመጣው እዛ ጋ ነው።

መጀመሪያ በቀጥታ የሙዚየሙ ዌብሳይት ላይ ግቡ። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ከ2017፣ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ደግሞ ከ2020 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ከአዋጁ ቁጥር በቀር በፈረንጆቹ ናቸው) ብዙ ፎቶ ለንግድም ጭምር በነፃ ለቀዋል። ሜትሮፖሊታን ላይ ኢትዮጵያን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ኦፕን አክሰስ የሚለውን ስትመርጡ የብራና ወንጌል፣ መስቀል ምናምን ይመጣላችኋል።

ከዛ ፎቶው ስር ያለውን ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) አንብቡ፣ ይሄን እንዳትዘሉት። ሲሲ ዜሮ (CC0) ወይ ፐብሊክ ዶሜይን (Public Domain፣ ኮፒራይት የሌለበት) ካለ እንደፈለጋችሁ። ሲሲ ባይ (CC BY) ካለ የባለቤቱን ስም ጥቀሱ። ኤንሲ (NC፣ ለንግድ ያልሆነ) የሚል ከተጨመረበት ግን ለሽያጭ አይሆንም፣ ብሪቲሽ ሙዚየም አብዛኛውን ፎቶ የሚለቀው እንደዚህ ነው፣ ለልጆች የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ይሆናል ለቲሸርት አይሆንም። ምንም ካልተጻፈ ነፃ ነው ማለት አይደለም፣ ኢሜይል አድርጋችሁ ጠይቁ።

ሰው የሚሳሳተው ዕቃው ስላረጀ ፎቶውም ነፃ ይመስለውና ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1883 ሐረር ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች ጊዜያቸው ድሮ አልፏል፣ ሰውየው ራሱ በ1891 ሞቷል። አምና አንዱ ያነሳው የሐረር ስፌት ፎቶ ግን ስፌቱ የቅድመ አያት ቢሆንም ፎቶው የአንሺው ነው፣ ምክንያቱም ብርሃኑንና አንግሉን የመረጠው እሱ ነው። እንደ ሥዕልና የብራና ገጽ ላለ ጠፍጣፋ ነገር ይለያል፣ በ1999 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዳለ ማባዛት አዲስ ኮፒራይት አይፈጥርም ብሏል፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል። (የ500 ዓመት ብራና ፎቶ ላይ የኔ ነው ብሎ ብር መጠየቅ ለኔ አይዋጥልኝም።) እኛ ሀገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶ የሚሰጠው ጥበቃ ከተነሳበት 25 ዓመት ነው፣ ለሌላው ሥራ በአብዛኛው የደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት።

ጁገል ውስጥ ያሉት ሙዚየሞች ጋ ራሳችሁ ልታነሱ ከሆነ አስጎብኚውን አስፈቅዱ፣ ለመሸጥ መሆኑንም ንገሯቸው፣ ይሄ የኮፒራይት ሳይሆን የቤቱ ሕግ ጉዳይ ነው።

ስታወርዱ ትልቁን ፋይል ምረጡ፣ ትንሹ ሲታተም ይደበዝዛል። ላይሰንሱና የዕቃው ቁጥር የሚታይበትን ገጽ ስክሪንሾት አንስታችሁ ከፎቶው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፣ ነገ ገጹ ቢቀየር ወይ አንዱ ቢጠይቃችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።