የጎተራ ጉጉትን በአካሉ ለመለየት

ከነጭነቱ አትነሱ። በሌሊት ከስር ባትሪ ሲበራበት የብዙ ጉጉት ሆድ ነጭ ይመስላል፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ከዚህ ነው። መጀመሪያ ፊቱን ተመልከቱ።

የጎተራ ጉጉት ፊት ነጭና የልብ ቅርጽ ያለው ነው። ዙሪያውን አጫጭርና ጠንካራ ላባዎች እንደ ጠርዝ ይከቡታል፤ ከግንባሩ እስከ መንቆሩ የሚወርድ የላባ ሸንተረር ደግሞ ልቡን ለሁለት ይከፍለዋል። ዓይኖቹ ጥቁር ናቸው። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ዓይን ካያችሁ፣ አናቱ ላይም እንደ ጆሮ የቆመ ላባ ካለ፣ ሌላ ዝርያ ነው። የዓይን ጥቁረት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጥቁር ዓይን ያላቸው የጫካ ጉጉቶች አሉ፣ የእነሱ ፊት ክብ ነው። ቀን የተኛውን ስታዩ ደግሞ ፊቱን ስለሚሰበስብ ልቡ ጠቦ ይታያል፤ ነቅቶ እስኪዞር ታገሱ።

ይህ ፊት ድምፅ ማጥመጃ ነው። ጎድጎድ ያለው ገጽ ድምፅን ሰብስቦ ከላባው ስር ወደተደበቁት የጆሮ ቀዳዳዎች ይመራል። የግራው ቀዳዳ ከቀኙ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ጉጉቱ ድምፁ ከላይ ይምጣ ከታች ይለያል፤ በድፍን ጨለማ አይጥ የሚይዘውም በዚሁ ነው።

ቀጥሎ ጀርባው። ወርቃማ ቡኒና ግራጫ ተቀላቅሎ በላዩ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ አለው። ፊቱ ልብ ሆኖ ጀርባው ድፍን ጥቁር ቡናማ ከሆነ የቅርብ ዘመዱን፣ የሣር ጉጉትን ጠርጥሩ።

በግምት መጠን አትተማመኑ። ቁመቱ ከ33 እስከ 39፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከ80 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በአውሮፓ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 360 ግራም ብቻ ይመዝናል። በአየር ላይ ግዙፍ የሚያስመስለው ሰፊው ክንፉ ነው። ቆሞ ከሆነ ረጃጅም እግሮቹ ጥሩ ምልክት ናቸው። ሲጮህም ሻካራ፣ የተጎተተ ጩኸት ያሰማል እንጂ «ሁ ሁ» አይልም።

ሴቷ ብዙውን ጊዜ ደረቷና ሆዷ ላይ ነጠብጣብ ይበዛባታል፣ ቀለሟም ጠቆር ይላል፤ ወንዱ ነጣ ያለ ነው። በመሃል የሚወድቁ ብዙ ስለሆኑ በዚህ ብቻ ጾታ አትወስኑ።

ላባ ወድቆ ካገኛችሁ፣ ከክንፉ ጫፍ በኩል የውጭኛው ላባ ከሆነ የፊት ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱ፦ እንደ ሚዶ የተሰደሩ ጥቃቅን ጥርሶች ይሰማችኋል። ገጹ ከፈይ (ቬልቬት) ጨርቅ ይመስላል። ሲበር ድምፅ የማያሰማው በነዚህ ነው። ሌሎች ጉጉቶችም ይህ አላቸውና ላባው «ጉጉት ነው» ይላችኋል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም።

ሞቶ የተገኘ ከሆነ ጓንት አድርጋችሁ የመካከለኛውን ጣት ጥፍር አዙሩና የውስጥ ጠርዙን እዩ። እዚያም እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ መስመር አለ፤ ላባውን የሚያበጥርበት ነው።