የጽኑ ሕሙማንን ኩላሊት ከሽንት ከረጢቱ ማንበብ

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ኩላሊቱ በድንገት መጎዳቱን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው አልጋው ሥር የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ነው። ኩላሊት የሚያስወግደው ክሬቲኒን የተባለ ቆሻሻ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ እስኪታይ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ብቻ የሚጠብቅ ባለሙያ ጉዳዩን የሚያውቀው ከመሸ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የኬዲጎ (ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት) መመሪያ መሠረት፣ ክሬቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር፣ በ7 ቀን ውስጥ ከነባሩ መጠን 1.5 እጥፍ ሲደርስ፣ ወይም ሽንት ለ6 ሰዓት በኪሎ በሰዓት ከ0.5 ሚሊሊትር ሲያንስ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት አለ ይባላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በሰዓት 30 ሚሊሊትር ማለት ነው። ጎንደር ለሕክምና የሚመጣ ገበሬ የቀድሞ የክሬቲኒን ውጤት ይዞ መምጣቱ ብርቅ ስለሆነ፣ እኔ ከሦስቱ መለኪያዎች አብዝቼ የምተማመነው በሽንቱ ነው።

ስለዚህ ታማሚው እንደገባ ክብደቱን መዝኑ፤ ካልተቻለ ገምታችሁ የሰዓቱን ዝቅተኛ የሽንት መጠን በክትትል ቅጹ ራስጌ ላይ ጻፉ። በየሰዓቱ የሚለካ ከረጢት ከሌለ በመለኪያ ጆግ እየቀዳችሁ መዝግቡ። አስታማሚዎች ለማገዝ ብለው ከረጢቱን ሳይነግሩን የሚደፉበት ጊዜ ስላለ፣ «እማማ፣ ሽንቱን እኛ ሳንለካው አይድፉት» ብሎ አስቀድሞ በትሕትና መንገር ከብዙ ስህተት ያድናል።

ሽንት ሲቀንስ ከሁሉ በፊት ቱቦውን ተከተሉ። አንድ ሌሊት ሽንቱ ቆመ ተብሎ ስጠራ፣ ካቴተሩ (ሽንት ከፊኛ የሚያወጣው ቱቦ) በታማሚው ጭን ሥር ታጥፎ አገኘሁት፤ ሲቃና ከረጢቱ ወዲያው ይሞላ ጀመር። ከእምብርት በታች ዳብሳችሁ ፊኛው ከተወጠረ ካቴተሩን እጠቡ ወይም ለውጡ።

ቱቦው ደህና ከሆነ ኩላሊቱ በቂ ደም ያገኝ እንደሆነ መርምሩ። ከመተማ ቆላ ሰሊጥ ሲያርም ከርሞ በከባድ ወባ የሚመጣ ወጣት፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ በሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ) የተያዘ ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት በዚሁ በኩል ነው። የደም ግፊቱ 80/50 ከሆነ አማካይ ግፊቱ (የታችኛው ቁጥር እጥፍ ከላይኛው ጋር ተደምሮ ለ3 ሲካፈል) 60 ነው፤ ቢያንስ 65 መድረስ አለበት። ሪንገር ላክቴት የተባለውን የደም ሥር ፈሳሽ ከ250 እስከ 500 ሚሊሊትር እየሰጣችሁ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ሳንባውን አዳምጡ። በተለይ የወባ ታማሚ ሳንባ ውኃ ለመቋጠር ስለሚፈጥን ለእሱ ፈሳሹን በቁጠባ ስጡ። ሳንባው ውስጥ የውኃ መንኮርኮር ድምፅ መሰማት ከጀመረ ፈሳሹን አቁማችሁ ግፊት ከፍ ወደሚያደርግ መድኃኒት ተሻገሩ።

የመድኃኒት ካርዱንም ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ኩላሊትን ስለሚጎዱ፣ የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ይቁም፤ ፀረ ባክቴሪያው ጄንታማይሲን ምትክ ካለው ይቀየር። ለካላዛር የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ኩላሊትን ቢጎዳም በቀላሉ የሚተው ስላልሆነ፣ ፈሳሽን፣ ፖታሲየምንና ክሬቲኒንን በቅርብ መከታተል ያሻል። ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ላሲክስ ትርፍ ፈሳሽ ለማስወጣት ይጠቅማል እንጂ ኩላሊትን አያድንም፤ ከረጢቱን ሞልቶ ማየት የሚያሳድረው እፎይታ ብዙዎቻችንን አሳስቶናል።

ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ፖታሲየም በሊትር ከ6.5 ሚሊሞል ካለፈ ወይም ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ላይ የቲ ሞገድ ሾጥጦ ከወጣ፣ ልብን ለመጠበቅ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊሊትር በዝግታ በደም ሥር ስጡ። ቀጥሎ ፖታሲየሙን ለማውረድ 10 ዩኒት ኢንሱሊን ከ50 ሚሊሊትር የ50 በመቶ ዴክስትሮስ ጋር ሰጥታችሁ ስኳሩን በየሰዓቱ ለኩ። በሕክምና የማይመለስ ፖታሲየም ወይም አሲድ፣ ሳንባን ያጥለቀለቀ ፈሳሽ፣ ወይም በደም ውስጥ በተጠራቀመ ዩሪያ (ሌላው በሽንት የሚወጣ ቆሻሻ) የተነሳ የአእምሮ መደንገዝ ሲኖር ወደ ኩላሊት እጥበት መሄድ ግድ ይላል። ከዚህ በፊት ቸኩሎ መጀመር የተረፉትን ቁጥር እንዳልጨመረ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሰፊ ጥናት አሳይቷል።

ታማሚው ድኖ ሲወጣ የመጨረሻውን ክሬቲኒን በመውጫ ወረቀቱ ላይ በጉልህ ጻፉለት፤ ከ3 ወር በኋላ በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል ሲመረመር የሚነጻጸርበት ቁጥር ያ ብቻ ነው።