«ቲቸር፣ 12 ሰዓት የትኛው ነው?» በቴሌግራም ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። የማስተምራቸው ክፍሎች በሙሉ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ኖቱም፣ የቤት ሥራውም፣ የፈተና ቀኑም እዚያ ይለቀቃል። ብዙ ድካም ቀንሶልናል። ግን እኛ መምህራን ሳናስበው ተማሪ የምንጎዳባቸው ስህተቶች አሉ።

ሰዓትና ቀን ለይቶ አለመጻፍ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አምና «እስከ 12 ሰዓት አስረክቡ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ያልኩት ፀሐይ ስትጠልቅ ያለውን ነው፤ ስልክ ላይ ያኔ 6፡00 ፒኤም ነው። አንዲት ተማሪዬ ግን የስልኳን 12፡00፣ ማለትም እኩለ ሌሊትን ይዛ ማታ 3 ሰዓት ላይ ላከች። ዜሮ ሰጠኋት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ማርኩን ብመልስላትም ለቅሶዋ እስካሁን አይረሳኝም።

የቤት ሥራ በኢንተርኔት የምንሰጥበት ጉግል ክላስሩምም ያው ነው። ቀን ብቻ ሞልታችሁ ሰዓቱን ከተዋችሁት ራሱ 11፡59 ፒኤም ይለዋል። በእኛ አቆጣጠር ይሄ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ተማሪው ግን 11፡59ን አይቶ ከመምሸቱ በፊት ሊሯሯጥ ይችላል። «በ15 ይገባል» ማለትም አይበቃም። በኅዳር 15 እና በኖቬምበር 15 መካከል ከሳምንት በላይ ልዩነት አለ። «ሐሙስ ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ።

ዝምታን እንደ መረዳት መቁጠር

ክፍል ውስጥ ያልገባውን ልጅ ፊቱ ያሳብቅበታል። ግሩፕ ላይ የሚታየው አውራ ጣት ብቻ ነው። እዚህ ብዙው ተማሪ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ተሳስቶ ሰው ፊት እንዳያፍር ብሎ ዝም ሊል ይችላል። «በቀለላችሁ ቋንቋ ጻፉልኝ፣ በድምፅም ላኩ» ስላቸው ያልጠበቅኳቸው ጥያቄዎች መምጣት ጀመሩ።

ውጤት ከነስም ግሩፕ ላይ መልቀቅ

አንዴ ስክሪንሹት ከተነሳ የፈሰሰ ውሃ ነው። ለየብቻ ላኩላቸው።

ሁሉም ስልክና ፓኬጅ አለው ብሎ ማሰብ

ቴሌግራም 2 ጊጋባይት ፋይል ቢቀበልም የተማሪው ፓኬጅ አይችለውም። በጅማ ዙሪያ ካሉት ከሰቃ ወይም ከማና ከሚመጡት መካከል ስማርት ስልክ የሌለው ልጅ አለ። ግሩፕ ላይ የለቀቅነውን ዋና ነገር ጠዋት ሰሌዳ ላይም እንጻፈው።

ተማሪዎችም «ሰላም ቲቸር» ብላችሁ መልስ አትጠብቁ። ሰላምታው አይቅር፣ ጥያቄው ግን አብሮ ይምጣ። «ሰላም ቲቸር፣ የ10ኛ ሐ ተማሪ ነኝ፣ ጥያቄ 4 ላይ ሁለተኛው መስመር አልገባኝም» ላለኝ ልጅ እረፍት ላይ ብሆንም ወዲያው እመልስለታለሁ።