ፐርች አልነካ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ጥር ላይ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የሐይቁን በረዶ ሰርስረህ፣ ባልዲ ደፍተህ ተቀምጠህ፣ ፐርች የሚባለውን ዓሣ ስትጠብቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ክሩ ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱን ቶሎ በትሉ ላይ አታላክክ። እኔ የመጀመሪያውን ዊንተር ትል ስቀያይር ነው የጨረስኩት። ዓሣ አለመኖሩና ኖሮ አለመንካቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ምልክት፦ ሶናሩ (በድምፅ ሞገድ ከታች ያለውን ዓሣ የሚያሳየው መሣሪያ) ላይ ምንም የለም

ፐርች በመንጋ ይዞራል፤ መንጋው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ጠብቀህ ተነስ። ዊንተሩ ሲጋመስ ብዙ ጊዜ ጠለቅ ያለ ጭቃማ ወለል ላይ ስለሚሰማራ፣ ጠንካራው ወለል ከሚያልቅበት ወደ ጭቃው እየገባህ ቀዳዳ ቀዳዳ አድርግ። ቀድመህ የያዝከው ካለ ሆዱን ክፈተው። ቀጫጭን ቀያይ ትሎች ካሉበት ግጦሹ ጭቃው ላይ ነው። ቦታ በቀየርክ ቁጥር ግን የበረዶውን ውፍረት ለካ፤ ለእግረኛ ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፣ ነጣ ካለ እጥፉ።

ምልክት፦ መጥቶ፣ አይቶ ይመለሳል

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ለእኔ ግን ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነው። ከታች ያለው ውሃ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የዓሣው ሰውነትም አብሮ ስለሚቀዘቅዝ ትንሽ ይበላል፣ አያሳድድም። ጂጓን (ክብደት ያላትን መንጠቆ) ትንሿን አድርግ፤ ክሩም 2 ወይም 3 ፓውንድ የሚችል ቀጭን ይሁን። አንድ ዋክስዎርም ይበቃል (አገር ቤት ንብ አናቢ የሚረግመው የሰም ትል ነው፣ እዚህ በገንዘብ ይገዛል)። ወለሉን ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርገህ ጭቃውን አቡን፣ አንድ ስንዝር አንሳና ዝም በል። ተከትሎ ከመጣ ቀስ እያልክ ወደ ላይ አርቅበት።

አሁንም ከተመለሰ ጂጓን ቀዳዳው አፍ ላይ አንጠልጥለህ ተመልከታት። እንደ እንዝርት የምትሽከረከር ከሆነ ጉዱ ተገኘ፦ ክሩ ተጠማዟል። እስኪፈታ ድረስ ተንጠልጥላ ትቆይ፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ትንሽ ተሽከርካሪ ማያያዣ እሰርበት።

ምልክት፦ ሳይሰማህ ትሉ ተበልቶ ይወጣል

ፐርች ስቦ ወዲያው ይተፋል፤ ወፍራም ዘንግ ይህን አይነግርህም። ጫፉ ላይ ቀጭን ሽቦ እሰር። ሽቦዋ ስትጎነበስ ብቻ ሳይሆን ቀና ስትልም ሳብ፤ ዓሣው ጂጓን ይዞ ወደ ላይ እየመጣ ነው። የክሩ ማለፊያ ቀለበት ላይ የጋገረውን በረዶም በጣትህ ሰባብረው።

ምልክት፦ ሲመሽ ጸጥ አለ

ፐርች በዓይኑ ነው የሚያድነው። ዕቃህን ሰብስብ።

ምልክት፦ ትናንሾቹ ብቻ ይነካሉ

መንጋው በመጠን ስለሚመደብ ትልቁ እዚያ ውስጥ አይገኝም። የምታጠምድበት ጥልቀት ከ9 ሜትር ካለፈ ደግሞ ቦታውን ቶሎ ልቀቅ፤ ከዚያ ጥልቀት የወጣ ዓሣ የአየር ከረጢቱ ስለሚነፋ ብትመልሰውም ብዙ ጊዜ አይተርፍም።