በእጅ ሲገጣጠም የማይፈርስ የመጫወቻ ጡብ ሞዴል በኮምፒውተር እንዴት ይነደፋል?

ስክሪን ላይ ያለ ጡብ አይወድቅም፣ ከገበያ አይጠፋም፣ ቁጥሩም አያልቅም። የዲጂታል ንድፍ ውበቱ ይኸው ነው፤ ወጥመዱም ይኸው ነው። ኮምፒውተር ላይ አምሮ የቆመ ግንብ በእጅ ሲገጣጠም ገና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሊንገዳገድ ይችላል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ፕሮግራሙን ስለ መክፈትና ስለ መዝጋት የሚለው ጥቂት ነው። የሚያተኩረው ፕሮግራሙ ስለማያውቃቸው ነገሮች ነው፦ ስለ ክብደት፣ ስለ ጣት ጉልበትና በእውን ተመርቶ ስለሚገኘው ጡብ። ምሳሌ የምናደርጋት አንዲት የጭነት መኪና ናት።

ፕሮግራሙን መምረጥ

ለጀማሪ የምመክረው ስቱዲዮ የተባለውን የብሪክሊንክ ፕሮግራም ነው። በነጻ ይገኛል፤ በዊንዶውስና በማክ ይሠራል። ብሪክሊንክ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተ፣ ጡብ በነጠላ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ሲሆን፣ በ2019 እነዚህን ጡቦች የሚያመርተው የሌጎ ኩባንያ ገዝቶታል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ሊዮካድ አለላችሁ። ምንም ነገር መጫን የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሜካብሪክስ በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ይከፈታል።

ስቱዲዮም ሆነ ሊዮካድ የሚጠቀሙት ኤልድሮው የተባለውን የጡብ ስብስብ ነው። የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ጄምስ ጄሲማን የተባለ አውስትራሊያዊ ነበር። እርሱ በ1997 ቢሞትም በጎ ፈቃደኞች እስካሁን አዳዲስ ጡቦችን እየሳሉ ይጨምሩበታል። የናንተ ትርፍ ይህ ነው፦ ንድፋችሁን በኤልድሮው ቅርጸት ካስቀመጣችሁት ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ። አንድ ፕሮግራም ቢዘጋ ሥራችሁ አብሮ አይዘጋም።

ከመጀመሪያው ጡብ በፊት ሒሳቡን መሥራት

ሦስት ቁጥሮችን በቃል ያዙ። ጉብታ የምንለው በጡቡ አናት ላይ ያለውን፣ ሌላ ጡብ የሚሰካበትን ክብ እብጠት ነው፤ ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ ጉብታ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። ተራው ጡብ 9.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው። ስሱ ጡብ ደግሞ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለትም ሦስት ስስ ጡቦች ሲደራረቡ የአንድ ተራ ጡብ ከፍታ ይሰጣሉ።

አሁን መኪናችንን እንለካ። እውነተኛዋ 2.5 ሜትር ስፋት፣ 8 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ አላት እንበል። በ40 ብናሳንሳት ስፋቷ 62.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለ8 ስናካፍለው ወደ 8 ጉብታ ይጠጋል። ርዝመቷ 200 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 25 ጉብታ ነው። ከፍታዋ 75 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከስምንት ተራ ጡቦች ትንሽ ያንሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ጡብ መደርደር ይጀምራል፤ እናንተ ግን አንድ ጥያቄ አስቀድማችሁ መልሱ፦ ስፋቱ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ይሁን ወይስ ጎዶሎ? ስፋቷ 8 ከሆነ የመኪናዋ መሐል መስመር በሁለት ጉብታዎች መካከል ያልፋል። ስለዚህ ግንባሯ መሐል አንዲት ነጠላ አርማ ለመለጠፍ የሚያስችል ጉብታ የለም። መፍትሔው ወይ ስፋቱን 7 ማድረግ፣ ወይ ሁለት ጉብታ የሚያህል ሆኖ መሐሉ ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ያለውን ስስ ጡብ መጠቀም ነው። መለያ ቁጥሩ 15573 ነው፤ በፍለጋው ሳጥን ውስጥ ቁጥሩን ስትጽፉ ይመጣላችኋል። ይህን ውሳኔ ካቢናው ካለቀ በኋላ መቀየር ማለት ግማሹን ሥራ አፍርሶ እንደገና መጀመር ነው።

አጽሙን ማቆም

ከሥር ጀምሩ። ጎማና መብራት ያጓጓል፤ ይቆይ። 25 ጉብታ ርዝመት የማይመች ስለሆነ ወደ 24 አውርዱት። ለሻሲው በየጎኑ አንድ ሐዲድ እንሥራ፦ ከታች ባለ 16ና ባለ 8 ጉብታ ረጃጅም ጡቦችን አከታትሉ፤ በላያቸው ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ባለ 8ና ባለ 16 አኑሩ። የታችኛው ስፌት፣ ማለትም ሁለቱ ጡቦች የሚገናኙበት መስመር፣ 16ኛው ጉብታ ላይ፣ የላይኛው 8ኛው ላይ ይውላል። ደኅና ግንበኛ ስፌት በስፌት ላይ አያሳርፍም፤ እዚህም ሕጉ ያው ነው። ሁለቱን ሐዲዶች በአግድም በስስ ጡቦች ከላይም ከታችም እሰሯቸው።

ካቢናውን፣ የጭነት ሳጥኑንና ሻሲውን ለየብቻ ንዑስ ሞዴል አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። ለጊዜው ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ በኋላ መመሪያ ስታዘጋጁ ግን የምታመሰግኑት ይህንን ነው።

ግንባሩ ላይ፦ ጡብን በጎኑ ማስተኛት

የመኪናዋ ግንባር ወደ ፊት የሚያይ ጉብታ ይፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው በአንድ ጎኑ ጉብታ ያለው፣ መለያ ቁጥሩ 87087 የሆነው ትንሽ ጡብ ነው። ሁለቱን በቀጥታ ብትደራርቧቸው የጎን ጉብታዎቻቸው የሚራራቁት 9.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለጠፍባቸው ስስ ጡብ ደግሞ የሚጠብቀው 8ን ወይም የ8ን ብዜት ነው። አይገጥምም።

መውጫው አንድ ቀላል እኩልነት ነው፦ የአምስት ስስ ጡቦች ከፍታ 16 ሚሊ ሜትር፣ የሁለት ጉብታዎች ርቀትም 16 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ አንዱን 87087 አስቀምጡ፤ በላዩ ሁለት ስስ ጡቦች ደርቡ፤ ከዚያ ሁለተኛውን 87087 አስከትሉ። ተራው ጡብ ሦስት ስስ፣ ጭማሪው ሁለት፣ ድምሩ አምስት። አሁን ሦስት ጉብታ የሚረዝመውን ስስ ጡብ ብታቆሙት የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ቀዳዳ ቁልጭ አድርጎ ይይዛል፤ መሐሉ ባዶ ይቀራል፤ ከፊት ሲታይም አይታወቅም። መብራቱም ፍርግርጉም ከዚህ በኋላ እንዳሻችሁ ይለጠፋል። በዚህ ጥበብ ከተካናችሁ የምትነድፉት ነገር ሁሉ መልኩ ይለወጣል፤ በእኔ እይታ ጀማሪውን ከሠለጠነው የሚለየው ይህ ነው።

ስክሪኑ የሚዋሽበት ቦታ

የጉብታው ስፋት 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከ8 ላይ ሲቀነስ በሁለት ጉብታዎች መካከል 3.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። የስሱ ጡብ ውፍረትም 3.2 ነው! ታዲያ ስሱን ጡብ በጠርዙ አቁሞ በጉብታዎቹ መካከል መሰካት ስክሪን ላይ ፍጹም ይመስላል፤ ፕሮግራሙም ላይቃወም ይችላል። በእጅ ሲሠራ ግን ምንም ትርፍ ቦታ ስለሌለው በጉልበት ይገባል፣ ፕላስቲኩም ይወጠራል፣ ሲነቀልም ያስቸግራል። ተራዎቹ ጡቦች እርስ በርስ ሳይጣበቁ የሚደረደሩት ትንሽ ክፍተት ስለተተወላቸው ነው፦ የባለ 2 በ4 ጉብታው ጡብ ስፋት 16 ሳይሆን 15.8 ሚሊ ሜትር ነው።

በስቱዲዮ ውስጥ ያለውን የግጭት መቆጣጠሪያ ሁልጊዜ ክፍት አድርጉት፤ አንዱ ጡብ በሌላው ውስጥ ሲገባ ያስጠነቅቃችኋል። የጥንካሬ መመርመሪያውም በአየር ላይ የተንሳፈፉና በደካማ መጋጠሚያ የተንጠለጠሉ ክፍሎችን ያሳያል። እነዚህን ተጠቀሙባቸው፤ አትመኩባቸው። ሞዴሉን በአንድ ጥግ ይዛችሁ ብታነሱት የቱ ላይ ይቆረጣል ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ያንን ቦታ ፋይሉ ላይ ማጠንከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀለም

አንድ ጡብ አለ ማለት በሁሉም ቀለም አለ ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ የጡብ ሥዕል በፈለጋችሁት ቀለም ይቀባል፤ ፋብሪካው ግን በዚያ ቀለም አምርቶት ላያውቅ ይችላል። የቀለም ማረጋገጫውን እየነደፋችሁ ሳላችሁ ተጠቀሙበት፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ከሆነ አርባ ማስጠንቀቂያ አንድ ላይ ይወርድባችኋል። ከማይታየው ውስጠኛ ክፍል ላይ ደግሞ ቀለም አትምረጡ፤ ርካሹና በብዛት የሚገኘው ይግባ። ደማቅና የተለያየ ቢሆን እንዲያውም ይመረጣል። በፋብሪካ ሞዴሎች ሆድ ውስጥ ቢጫና ቀይ ጡብ የሚገኘው ገንቢው አንዱን ክፍል ከሌላው በቀላሉ እንዲለይ ነው።

አስቀድማችሁ የገዛችሁት ሞዴል ካለ የእርሱን የጡብ ዝርዝር ወደ ስቱዲዮ አስገብታችሁ በዚያ ብቻ መንደፍ ትችላላችሁ። እጅ ያስራል፤ ነገር ግን ምንም ሳይገዙ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

የአሠራር መመሪያውን ማውጣት

ንድፉ የተሠራበት ቅደም ተከተል የሚገነባበት ቅደም ተከተል አይደለም። ንድፉን በፋይሉ ቅጂ ላይ ከላይ ወደ ታች እያፈረሳችሁ ሂዱ፤ የፈረሰበት ተራ ሲገለበጥ የመገንቢያው ተራ ነው። በዚህ መንገድ ጣሪያው ከተዘጋ በኋላ ሊገባ የማይችል መቀመጫ ወዲያው ይጋለጣል። በአንድ ደረጃ ላይ ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ ጡብ አትጫኑ፤ ጥቁር በጥቁር ላይ በሚደረብበት ቦታ ከዚያም ቀንሱ።

ማዘዝ

ስቱዲዮ የጡቦቹን ዝርዝር ወደ ብሪክሊንክ የፍላጎት ዝርዝር ይልካል። ከመላካችሁ በፊት ዝርዝሩን በዓይናችሁ እለፉበት። አንዲት ብርቅ ጡብ ብቻዋን ከሌላ ሻጭ እንድታዝዙ ካስገደደቻችሁ፣ የማጓጓዣው ክፍያ ከጡቧ ይበልጣል፤ ባለ 4 ጉብታውን በሁለት ባለ 2 መተካት የሚቻል ከሆነ ተኩት፣ መጋጠሚያው እንዳይላላ ግን በላዩ የሚያልፍ ጡብ ይኑር። ትንንሾቹን ጡቦች ከሚያስፈልገው ጥቂት አስበልጣችሁ እዘዙ፤ ወለል ላይ ወድቀው የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። በግንባታው ወቅት የቀየራችሁትን ሁሉ በዚያው ቀን ፋይሉ ላይ አስተካክሉ።