መብራት ሲሄድም መስመር ሲቆረጥም ትምህርቱ እንዳይቋረጥ

ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቨርጂኒያ ላሉ ስድስት ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። እዚያ ገና ረፋድ ነው፤ እዚህ ጀሞ ግን ብሎኩ በሙሉ ምጣድ የሚሰካበት፣ መብራትም የሚሄድበት ሰዓት ነው። አንድ ቅዳሜ «ጨ»ን እያስጻፍኳቸው ተቋረጠብኝ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስመለስ እየጠበቀችኝ ያገኘኋት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ብቻ ነበረች፤ «ቲቸር፣ ጨርሻለሁ» ብላ ደብተሯን ወደ ካሜራው አስጠጋችልኝ። ነገሩን የምር የያዝኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

መጀመሪያ የጠፋው ምን እንደሆነ ለዩ። ቤታችሁ ፋይበር (ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣ ቀጭን ገመድ) ከገባ የሞደሙን መብራቶች እዩ። «ፖን» (PON) የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ሳይርገበገብ ከበራ መስመሩ ቤት ድረስ ደርሷል ማለት ነው፤ ችግሩ ከዋይፋዩ፣ ካልተከፈለ ሂሳብ ወይም ከአገልግሎት ሰጪው በኩል ነው። «ኤል ኦ ኤስ» (LOS) የሚለው በቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ብርሃኑ አልደረሰም፤ ገመዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይም ታጥፏል። ያን ጊዜ ሞደሙን አሥር ጊዜ ብታጠፉና ብታበሩት ለውጥ የለም። እኛ ቤት አንዴ ቁም ሳጥን ስንገፋ ቀጭኗ ገመድ ታጥፋ ኖሯል፤ ቀስ ብዬ ሳቃናት ቀዩ ጠፋ። ገመዷን ነቅላችሁ ጫፏን በዓይናችሁ እንዳታዩ፤ የማይታይ ሌዘር አለበት። በመርፌ የሚጫነውን የ«ሪሴት» ቀዳዳም አትንኩ። የመስመራችሁን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሊያጠፋው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያ መጠበቅ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይኼ ነው፦ መብራት ሲሄድ የፋይበር ኢንተርኔት አብሮ ላይጠፋ ይችላል። መንገድ ላይ ያሉት የፋይበር ማከፋፈያዎች በአብዛኛው ኤሌክትሪክ አይፈልጉም፤ ዋናው ጣቢያ ደግሞ ባትሪና ጄኔሬተር አለው። የጠፋው የእናንተ ሞደም ብቻ ነው። ስለዚህ ለሞደም የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት የሞደሙን ቻርጀር ገልብጣችሁ አንብቡ፤ የእኔ 12 ቮልት፣ 1 አምፒር ይላል። የዩፒኤሱ ቮልት ከዚያ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አምፒሩ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም። ካርቶኑ ላይ 8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) ተብሎ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ በ3.7 ቮልት የተሰላ ነው፤ ወደ 32 ዋት ሰዓት ይሆናል። 9 ዋት ለሚበላ ሞደም፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ይይዛል። ላፕቶፑ ቀድሞ ቻርጅ ከተደረገ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው።

መስመሩ ራሱ ሲቆረጥ ደግሞ ሞባይል ዳታ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የሞባይል ኦፕሬተሮች አሉ፤ ሁለተኛው ሲማችሁ ቤት ከገባው መስመር የተለየ ድርጅት ይሁን፤ አንደኛው ሲበላሽ ሌላው እንዲቀራችሁ። ቀን ላይ ፈጣን ነው ብላችሁ አትመኑት፤ በምትፈልጉት ሰዓት ሞክሩት። የእኔ ሲም ሳሎን ውስጥ ምሽት ላይ ይንቀራፈፋል፤ ኩሽና መስኮት ላይ ሳስቀምጠው ግን ቪዲዮ ይሸከማል። ስልኩን በዋይፋይ ሆትስፖት ሳይሆን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት፤ የተረጋጋ ነው፣ ባትሪውም አያልቅም።

የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋ ተኩል ሊበላ ይችላል፤ በድምፅ ብቻ ከሆነ 100 ሜጋ እንኳን አይሞላም። ላፕቶፑ ላይ ያንን መስመር «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) አድርጉት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ አፕዴቱን በእናንተ ጥቅል ያወርዳል። የሆትስፖቱን ስምና የይለፍ ቃል ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አንድ አድርጉ የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ልጄ ታብሌቱን እንደከፈተ በራሱ ተገናኝቶ ሳላውቅ ጥቅሉን በካርቱን ጨርሶብኛል።

ለወላጆችም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፦ ከጠፋሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁኝ፣ ከዚያ ቴሌግራም ላይ በድምፅ እቀጥላለሁ። የዕለቱን ገጽ ዓርብ ማታ እልክላቸዋለሁ። በዚያው ሰዓት ሲሙ ላይ ቀሪ ሂሳብ መኖሩን አያለሁ፤ ከዚያ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ነቅዬ ሞደሙን መያዙን እፈትሻለሁ።